ጥላ ሥር ያሳረፍኳቸው በጎች

ከበጎቹ ግቢ፣ ዛሬ ማክሰኞ የካቲት 12 ቀን

እማዬ፣ ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ እንደማልችል ስላወቅኩ ጻፍኩት። ባለፈው ስለ ጉልበት መድኃኒቱ የነገርኩሽ ነገር ልክ አይደለም መሰለኝ። መሰለኝ የምለው ፈርቼ ነው እንጂ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ግራ ጉልበትሽ ሲመሽ አሁንም ያብጣል? ከአልጋ ስትወርጂ የሚደግፍሽ አለ ወይስ እንደ ልማድሽ «ልጆቹን አልቀስቅስ» ብለሽ ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትነሺው? የአባዬስ ሳል ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ከናፍቆትሽና አሁን ከምነግርሽ ነገር በቀር የጎደለብኝ የለም። ወንድሜ ይህን ሲያነብልሽ፣ ፊትሽን አይቶ ደስ የማይለውን ቦታ እንዳይዘል አደራ በይው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። አንቺ ለሥጋ የሚደልቡ በጎች መስለውሽ ነበር። የበግ የኋላ እግር ጉልበት ከሰው ጉልበት ጋር ይቀራረባል አሉ። ስለዚህ ዶክተሯ በማደንዘዣ ታስተኛቸውና ከሁለቱ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የተቀመጠውን ለስላሳ ነገር ትቆርጠዋለች። ቁስሉ ይድናል፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ በኋላ እየተፋተገ ልክ እንዳንቺ ጉልበት ይጎዳል። ለገሚሶቹ አዲሱን መድኃኒት ጉልበታቸው ላይ ትወጋቸዋለች፤ ለገሚሶቹ የጨው ውሃ ብቻ። የቱ ለየትኞቹ እንደተሰጠ ለእኛ አይነገረንም፤ እንዳናዳላ ነው።

እኛ የምልሽ እኔንና ጋሼን ነው። ጋሼ እዚሁ ግቢ ያረጀ የበጎች ጠባቂ ነው። ከሰው ይልቅ በጎቹን ያከብራል፤ ጠዋት በረቱን ሲከፍት «እመቤቶቼ፣ እንነሣ እንግዲህ፣ እንጀራችን ነው» ይላቸዋል። እሱ አንዱን በረት ይዟል፣ እኔ ሌላውን። ሥራችን መመገብ፣ ማጽዳት፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ግቢውን እያዞሩ ማስኬድ ነው። ዋናው ማስኬዱ ነው። ጉልበት የሚፈተነው ሲሄዱበት ነው፣ ሁሉም እኩል ካልሄዱ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም ብላ ዶክተሯ ገና ስገባ ነግራኛለች። ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ነበር ብዬ አላታልልሽም።

ከእኔ በረት አንዲት ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት በግ አለች። ለመነሣት የኋላ እግሯን ስታነሣ ግማሽ ላይ ቆም ትልና ታስባለች። ከዚያ ማንም እንዳያይባት ይመስል ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ቀስ ብላ ትቆማለች። እማዬ፣ አትቆጪኝና አነሣሷ ቁርጥ አንቺን ነው። ከበግ ጋር ስላመሳሰልኩሽ ይቅር በይኝ። አንጀቴ አልችል አለና አንድ ቀን ከገለባ ማከማቻው ጀርባ ጥላ ሥር ትቻት ሌሎቹን ይዤ ዞርኩ። ስመለስ እያመሰኳች ጠበቀችኝ። በማግስቱ ሌላዋ አነከሰች፤ እሷንም አሳረፍኳት። ማዘንም ይለመዳል። ኋላማ ከበረት ሳወጣቸው ራሳቸው በቀጥታ ወደ ጥላው መሄድ ጀመሩ፤ እኔም አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። ጋሼ የራሱን በወዲያኛው በኩል ስለሚያዞር አያየንም። ማታ ዶክተሯ «ሄዱልሽ?» ስትለኝ አዎ ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ከመናገር መነቅነቅ ይቀለኛል። መዋሸትም እንደዚያው ቀለለኝ።

ባለፈው ወር በታመመው እግራቸው ምን ያህል ጠበቅ አድርገው እንደሚረግጡ በሚለካ ሳንቃ ላይ አስኬዷቸው። የጋሼዎቹ የታመመውን እግር ነካ አድርገው ያነሡታል። የእኔዎቹ ጠበቅ አድርገው ረገጡ። መድኃኒቱን የተወጉት የእኔ በረት በጎች እንደሆኑ የተነገረን ያን ጊዜ ነው። ዶክተሯ ከደስታዋ ብዛት አቀፈችኝና «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ጋሼ «እኛስ ምን አጠፋን፣ ያው አንድ ሣር ነው የምንበላው» ብሎ ሣቀ። እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ። መድኃኒቱ ነው እንጂ ጥላው አይደለም አልኩ። የዚያኑ ቀን ደውዬ፣ የጉልበት መድኃኒት ተገኘ፣ በዓይኔ አየሁ አልኩሽ። ስትስቂ ሰማሁ። ከመጣሁ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም።

እሁድ ወንድሜ ደወለ። የአጥንት ሐኪሙን ቀጠሮ ተወችው አለኝ። የታዘዘልሽንም የእግር እንቅስቃሴ አቁመሻል። «‹ልጄ መድኃኒቱን ልትልክልኝ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ› ትላለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንቺን ዶክተር አድርጎሻል» ብሎ ቀለደብኝ። መሣቅ አቃተኝ። ያን ቀጠሮ በስንት መከራ እንዳገኘሽው አውቃለሁ። በዚያ እግርሽ ደረጃ እየወጣሽ፣ ነገ ተመለሺ እየተባልሽ ነው። ለበጎቹ አዝኜ የጎዳሁት አንቺን ሆነ።

ትናንት ጋሼን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኩት። በጎቹን ሳያስኬድ አስኬድኩ የሚል ሰው ቢኖር ምን ይሆናል አልኩት፤ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ። ጋሼ ሞኝ አይደለም። ባልዲውን አስቀምጦ አየኝና «እነዚህን እንስሳት ያመማቸው አመማቸው፤ እሱን መመለስ አይቻልም። ሕመማቸው ለአንድ ሰው ጉልበት ከጠቀመ አንድ ነገር ነው። ለውሸት ከሆነ ግን በከንቱ ነው የተቆረጡት» አለኝ። ቀጥሎም «እኔ ለዶክተሯ አልናገርብሽም። አፍ አለሽ» አለና ባልዲውን ይዞ ሄደ።

እማዬ፣ መድኃኒቱ ይሠራ ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቢሠራ እንኳ ሰው ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ እባክሽ ወደ ሐኪሙ ተመለሺ። ወንድሜ አብሮሽ ይሂድና ወረፋውን እሱ ይቁምልሽ። እንቅስቃሴውንም ጀምሪ። ጎረቤቶችሽን ምን ልበላቸው ካልሽ፣ ልጄ ተሳሳተች በያቸው፤ እፍረቱን ለእኔ ተይልኝ።

አባዬን ጉልበቱን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ለሳሉ ሞቅ ያለ ነገር ይጠጣ። አያቴን፣ ድምፄን ስትሰማ «ይቺ ደግሞ የማን ናት» ብትልም፣ ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴ የተውኩላትን ጫማ ታድርገው፤ ለእኔ ብላ አታስቀምጠው። ወንድሜ፣ እስከዚህ ሳትዘል ስላነበብክላት እግዜር ይስጥልኝ፤ ቀጠሮው የአንተ አደራ ነው።

ነገ ከሰዓት በኋላ የዶክተሯ አለቆች ውጤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። እኔ ጠዋት፣ እነሱ ሳይመጡ፣ መኪናዋን የምታቆምበት ቦታ ቆሜ እጠብቃታለሁ። የእኔ በጎች አልሄዱም፣ አሳርፌያቸው ነበር እላታለሁ። ታባርረኝ ይሆናል። ካላባረረችኝና አሁንም አስኪጃቸው ካለችኝ በረቱን ከፍቼ ሁሉንም፣ ግንባረ ነጯንም፣ ወደ ፀሐዩ አወጣቸዋለሁ፤ እያነከሱ ይሄዳሉ፣ እኔም ዓይኔን ከእነሱ ሳላነሣ ከኋላቸው እሄዳለሁ።