የቀዩ ክፍል ሠዓሊ፦ የአቶ ሰረቀብርሃን ኃይለየሱስ የሕይወት ታሪክ (1947–2017 ዓ.ም.)

አቶ ሰረቀብርሃን ኃይለየሱስ በኅዳር ሚካኤል ዕለት በ1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጉለሌ፣ ከአባታቸው ከአለቃ ኃይለየሱስ ወልደ ጊዮርጊስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ በየነ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። የምሥራቹ ሲነገራቸው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ከሥራቸው ሮጠው መጥተው ሕፃኑን ስላቀፉት፣ መጠቅለያ ጨርቁ ላይ ሦስት ቀይ ጣቶች ታትመው ቀሩ። እናታቸው ያንን ጨርቅ ማጠብ አልፈቀዱም ይባላል።

አቶ ሰረቀብርሃን በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ የዘመናዊ ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ዋናው ትምህርት ቤታቸው ግን የአባታቸው የቀለም ብርጭቆ ነበር። ከአባታቸው ሁለት ሕግ ወርሰዋል። አንደኛው፣ ዓይን የሚሳለው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳም፣ የጌታችን ገራፊዎችም፣ ሰይጣን ራሱም ሁለተኛ ዓይን አይሰጣቸውም። አቶ ሰረቀብርሃን ይህንን ሕግ ከግድግዳ ላይ አውርደው ወደ ቤታቸው ይዘውት እንደገቡ የገባቸው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የታናሽ ወንድማቸው የአቶ አሳምነው ልጅ ቤተልሔም ናት። ቀጥሎ ያለው ነገር በአደባባይ እንዲነበብ አባቷም ፈቅደዋል፤ አጎቷም በሕይወት ሳሉ “ሳትቀቢ ጻፊው” ብለዋታል።

በ1970 ዓ.ም. አቶ ሰረቀብርሃን መሰላል ላይ ቆመው የአንድ መልአክ ፊት ጨርሰው ነበር። ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። ታጣቂዎች መጡና ከመሰላሉ አውርደው ወሰዷቸው። የት እንዳሉ የጠቆሙት የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድማቸው አሳምነው መሆናቸውን የሰሙት እስር ቤት ገብተው ነው። ሦስት ዓመት ታሰሩ። በዚያ መካከል አባታቸውም እናታቸውም ተከታትለው አረፉ። በየሳምንቱ በአክስታቸው ስም ስንቅ ይደርሳቸው ነበር፤ ወንድማቸው ሊጠይቋቸው በር ላይ ሲቆሙ ግን “ወንድም የለኝም” ብለው አስመለሷቸው።

በ1973 ዓ.ም. እንደተፈቱ በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ፤ ካርቱም ውስጥ ቆይተውም እ.ኤ.አ. በ1984 ኦክላንድ ደረሱ። መኪና ማቆሚያ ጠበቁ፣ ሆቴል አጸዱ፣ በመጨረሻም የቤት ቀለም ቀቢ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከወይዘሮ ኢየሩስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ በ1991 አንዲት ልጃቸው መቅዲ ተወለደች። በ1996 ቤተሰቡ ወደ ሳን ሆዜ ሲዛወር፣ ከአሥመራው ወዳጃቸው ከአቶ ይብራህ ጋር ሆነው የራሳቸውን የቀለም ሥራ ከፈቱ። ከካምቤል እስከ ኦክላንድ ስንቱን ሳሎን እንደቀቡ እግዚአብሔር ይወቀው። ሁሉም ነጭ ነበር። ነጩም ስም አለው፤ ኦፍ ዋይት፣ ኤግሼል፣ አይቮሪ። አቶ ሰረቀብርሃን ሲቀልዱ፣ “አሜሪካ ሠላሳ ዓይነት ነጭ አስተማረችኝ፣ አንድ ፊት ግን አላሳለችኝም” ይሉ ነበር። ቀልድ ይምሰል እንጂ የልባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ወንድማቸው አቶ አሳምነው በዲቪ መጥተው ካስትሮ ቫሊ ገቡ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰዓት አይሞላም። አሥራ አምስት ዓመት ግን አልተጠያየቁም። አቶ አሳምነው አንድ ደብዳቤ ጽፈው ሳይከፈት ተመለሰላቸው። አንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ፣ ወንድማቸው በፊት በር ሲገቡ አቶ ሰረቀብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኸው ነው! ወይዘሮ ኢየሩስ ስንት ጊዜ ለመኑ፣ የንስሐ አባታቸው ስንት ጊዜ መከሩ፤ እምቢ አሉ። ቤተልሔም እስከ ሃያ ዓመቷ አጎቷን የምታውቃቸው በጎን ብቻ ነው፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጸደይ ላይ በሳን ሆዜ አንድ አነስተኛ ሙዚየም፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረን የሮማውያን ቤት አራት ክፍሎች አስመስሎ ሊሠራ ተነሣ። አቶ ሰረቀብርሃንና አቶ ይብራህ የተቀጠሩት ግድግዳውን በኖራ ለመለሰን ነበር። አቶ ሰረቀብርሃን ከዚያ ቤት ጋር ፍቅር ያዛቸው ቢባል ውሸት አይደለም። ጣሪያው መሐል ላይ ክፍት ሆኖ ዝናቡን ወደ ገንዳ የሚያወርደውን አዳራሽ፣ ወፎችና ፍሬ ያንዠረገጉ ዛፎች የተሳሉበትን ትንሽ መኝታ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀዩን የምግብ ክፍል ለመጣው ሁሉ ሲተርኩ አይደክማቸውም ነበር። በቀዩ ክፍል ግድግዳ ላይ የሌሉ ምሰሶዎችና የማይከፈት በር ተሥለው ነበር። አቶ ይብራህ በሁለት እጃቸው ባልዲ ይዘው ያንን በር በክርናቸው ሊከፍቱ ሲታገሉ መታየታቸው እስከ ዛሬ ይነገራል፤ እሳቸው እዚህ ስላሉ ማስተባበል ይችላሉ።

ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰዎቹን ትሥል የነበረችው ሠዓሊ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። የሥራው ኃላፊ የነበሩት ሴት ፕሮፌሰር፣ አቶ ሰረቀብርሃን በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ የሞነጫጨሯቸውን ወፎች አይተው ኖሮ፣ የቀረችውን አንዲት ሴት እንዲሥሉ ጠየቋቸው። ከቀዩ ክፍል ጥግ ላይ ምግብ በትሪ ይዛ የምትሄድ አስተናጋጅ ናት። አቶ ሰረቀብርሃን ፊት ከሣሉ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር። መጀመሪያ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ አልቅሰው ተመለሱ። ከዚያ አራት ቀን ሠሩ፤ ዓይኖቿን በአራተኛው ቀን አስገቡ።

ፕሮፌሰሯ መጥተው የጥንቱን ሥዕል ፎቶ ከግድግዳው ጋር አስተያዩ። በእጃቸው ያለው ፎቶ ላይ ሴትዮዋ በጎን ናት፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ግድግዳው ላይ ያለችው ግን ፊቷን አዙራ፣ እንደ ሎሚ የከበቡ ሁለት ዓይኖቿን አፍጥጣ ታያቸዋለች። አቶ ይብራህ፣ “ይቺማ የጎንደር ልጅ ናት” ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት። የዚያን ቀን ለማስተርጎም የመጣችው መቅዲ፣ “ዳድ፣ ፎቶው ላይ እኮ ዋን አይ ነው ያላት!” አለቻቸው። አቶ ሰረቀብርሃን ግን አልሳቁም። “ምን በደለች? ሰው እያበላች በአንድ ዓይን አልሥላትም!” ብለው ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ሥራውም ቢቀር ይቅር ብለው ነበር።

ፕሮፌሰሯ አልተቆጡም። ሕጉን መቅዲ ስትተረጉምላቸው በጥሞና ሰምተው፣ ትሪ አስይዘው እሷኑ ከግድግዳው አጠገብ አቆሟት፤ ፊቷንም ወደሚቀጥለው ክፍል እንድታዞር ነገሯት። ከዚያ አቶ ሰረቀብርሃንን አሁን የሚታይዎት ስንት ዓይን ነው ብለው ጠየቁ። አንድ፣ አሉ። ታዲያ ልጅዎ ክፉ ሆነች? አሏቸው። ሁለተኛው ዓይኗ አለ፤ የምታበላቸውን ሰዎች እያየች ነው፤ እኛ በዚህ በኩል ስለቆምን ነው ያልታየን፣ ብለው አስረዷቸው። አቶ ሰረቀብርሃን ልጃቸውን ብዙ ደቂቃ ቆመው አዩዋት። ከዚያ የደረቀውን ኖራ ፈቅፍቀው አወረዱት፣ እንደገና ለሰኑት፣ ሴትዮዋንም በአንድ ዓይን ሣሏት።

የጨረሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው መታጠፍ ሲገባቸው፣ መኪናቸውን በ880 አውራ ጎዳና ላይ ወደ ሰሜን አቀኑ። ካስትሮ ቫሊ በሩን የከፈተችው ቤተልሔም ናት። ኖራ የነካካው ሸሚዝ የለበሱ ሰው ፊት ለፊቷ ቆመዋል። አጎቷ ሁለት ዓይን እንዳላቸው ያየችው ያን ቀን ነው፤ ሁለቱም ቀልተው ነበር። አባትሽ አለ? አሏት። ገብተው ከወንድማቸው ፊት ተቀመጡና፣ “አሳምነው፣ እኔ ከቆምኩበት ያልታየኝን ንገረኝ” አሉ።

አቶ አሳምነውም ነገሯቸው። ታጣቂዎቹ ቤት የመጡ ዕለት፣ ልጅሽን ካላመጣሽ ብለው ወይዘሮ የሻረግን አስረው መኪና ላይ ሊጭኑ ነበር። እናትየው ዝም በል ብለው ምልክት ሰጥተዋቸዋል። አሳምነው ያኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እናቱን ሲጭኑ ማየት አልቻለም፣ ተናገረ። በስሙ የላከው ስንቅ ከእስር ቤት በር ሲመለስበትም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰሃኑን በአክስቱ ስም እያስመዘገበ ያደርስ የነበረው እሱ ነው። አቶ ሰረቀብርሃን ይህንን ሲሰሙ ከወንበራቸው ወርደው የታናሽ ወንድማቸውን ጉልበት ያዙ። “ስታበላኝ ኖረህ! ስታበላኝ ኖረህ በአንድ ዓይን ሣልኩህ!” አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይሏል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእሑድ ምሳ ተለይተው በልተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥራ ሁለት ዓመታት ለቤተሰባችን ስጦታ ነበሩ። አምላክ ይመስገን፣ ቤተልሔም አጎት አገኘች፣ መቅዲ እህት አገኘች። ቤተልሔምን ኖራ መለሰን አስተምረዋታል፤ አይሆንልሽም ብለውም በፊቷ ነግረዋታል። ከኢትዮጵያ እንግዳ ሲመጣ ሰው ጎልደን ጌት ድልድይን ያሳያል፤ እሳቸው ቀዩን ክፍል ነበር የሚያሳዩት። እንግዳውን ከአስተናጋጇ ፊት ያቆሙና፣ ሰው ላይ ከመፍረድህ በፊት ዞረህ እይ ይሉታል። ያቺ ሴት ዛሬም እዚያው ናት፤ ሄዳችሁ እዩዋት።

እ.ኤ.አ. በ2022 በስኳር ሕመም ምክንያት የቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። ሐኪሙ ሲነግራቸው፣ “እንግዲህ እኔም በአንድ ዓይን ተሣልኩ” ብለው አሳቁት። ቀጥሎ ኩላሊታቸው ደከመ፤ ግራ ዓይናቸውም እየፈዘዘ ሄደ። ባለፈው የካቲት ብሩሻቸውን አስመጥተው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው የወንድማቸውን ፊት መሣል ጀመሩ። በልማዳቸው ዓይኖቹን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። ግራውን ራሳቸው አስገቡ። ቀኙ ላይ ሲደርሱ ግን ወረቀቱ ጨርሶ አልታይ አላቸው፤ ወንድማቸውንም እጄን ያዘኝ አሏቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው፣ በሳን ሆዜ በቤታቸው፣ እጃቸው በወንድማቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

አቶ ሰረቀብርሃን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢየሩስን፣ ልጃቸውን መቅዲን፣ ወንድማቸውን አቶ አሳምነውን፣ የወንድማቸውን ልጅ ቤተልሔምን፣ ከወንድም ያልተናነሱትን አቶ ይብራህንም ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ለጠየቁ፣ ለጸለዩላቸው ካህናት፣ በር ሳያንኳኩ ምግብ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ለሄዱ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል የሟቹ አይደለም፤ የአቶ አሳምነው ነው። ፊት ለፊት ያያችኋል። ቀኝ ዓይኑ ትንሽ ጠመም ያለው ብሩሹን የሁለት ወንድማማች እጅ ስለያዘው ነው፤ ማንም እንዲያስተካክለው አልተፈቀደም። የአባታቸው የአለቃ ኃይለየሱስ አምላክ የአቶ ሰረቀብርሃንን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጎን ያቁምልን፣ ፊቱንም ፊት ለፊት ያሳያቸው። አሜን።