አባባን በካርቶን ሠራሁት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እየነዘነዘሽ ነው? አያቴ ካሲልዳስ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ የአበባው አፈር ውስጥ ትቀብረዋለች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ያልተረጋጋው ልቤ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ከአጠገብሽ ስለማይጠፋ ነው።

እንደምታውቂው እዚህ ቫሌንሲያ ዓመቱን ሙሉ በእንጨትና በካርቶን የምንሠራቸውን ምስሎች በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት አደባባይ ላይ እናቃጥላቸዋለን። አባባ ይህን ሥራ ብሎ መጥራት አልሆነለትም። አብራኝ የተማረችው ኢኔስ ዓይናቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ ዓይን እንደምትቀባ ስነግረው እንኳ «አንዷ ዓይን ትቀባለች፣ አንዷ ካርቶን ታቃጥላለች፤ ሥዕል ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» አለኝ። የሚፈልገው የማዘጋጃ ቤቱን የቅጥር ፈተና አልፌ የመንግሥት ወንበር እንድይዝ ነው።

ዘንድሮ አለቃዬ ባውቲስታ ለልጆች የሚቆመውን ምስል ለብቻዬ ሰጡኝ። ከተሳካ የሰፈሩ ኮሚቴ ለከርሞም ይቀጥረኛል፤ ካልተሳካ ሻንጣዬን ሸክፌ መምጣቴ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ሰው በምስል ካልተቀለደበት ይቀየማል። ዳቦ ጋጋሪዋ ዶሎሬስ «ዘንድሮም ዘለልሽኝ? ምን በደልኩሽ?» ብላ አኩርፋኛለች። እኔም የአገሩ ሰው ሆኛለሁና አባባን ሠራሁት። ከነሆዱ፣ ከነጆሮው፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከመንግሥት ወንበር ጋር በገመድ ታስሮ። ከሥሩ «ከዚህ ወንበር የወደቀ የለም» ብዬ ጻፍኩበት። በፍቅር ነው የሠራሁት፤ ያየዋል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አባባ ቋሊማ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከተፍ አለ! «ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አለኝ። በሌላ መንገድ ላዞረው ስሞክር ዶሎሬስ ከሩቅ አይታው «እዩት! ሰውዬው ገመዱን ፈቶ በእግሩ መጣ!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩ በሳቅ ፍርስ አለ። አንዱ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፣ ሌላው አብሮት ፎቶ ይነሣል። አባባ ምስሉን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ጽሑፉንም አነበበ። «ጆሮዬ ይህን ያክላል?» አለ። ምሳም አልበላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ እሳቱ ተለኮሰ። ነበልባሉ የምስሉን እግር መላስ ሲጀምር አባባ አጥሩን ዘሎ «ተዉ እንጂ! ልጄ እኮ ናት የሠራችው! እንዲህ ያለ ሥራ ይቃጠላል?» እያለ ሮጠ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክንድና ክንዱን ይዘው መለሱት። ባውቲስታም «ወንድሜ፣ ሥራዋ ይኸው ነው» አሉት። አመድ እስኪሆን ቆሞ አየ። እንባ ይሁን ጭስ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር፤ እኔ ግን አልቅሻለሁ።

ኮሚቴው እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። አባባም ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ እስኪሳፈር ስለ ፈተናው ትንፍሽ አላለም። ተቆጥቶ ይሁን ተረትቶ አላውቅም፤ እንቅልፍ ያሳጣኝም እሱ ነው። ቤት ሲገባ ምን አለ? አንድም ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

አያቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንድሜን ኤሎይን ሚስቱ ስትወልድ ቀድሞ ለእኔ እንዲደውል ንገሪው። አባባንም ሰላም በይልኝ። የአውቶቡሱ በር ሊዘጋ ሲል አንገቱን አውጥቶ «ለከርሞ ስትሠሪኝ ባርኔጣዬን እንዳትረሺ፣ ራሰ በራነቴን ከተማው ሁሉ አየው!» ብሎኛል። ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን እንጃ። ለማንኛውም እማዬ፣ ሲተኛ ጠብቀሽ ባርኔጣውን ለኪልኝ።

ልጅሽ ኖኤሊያ
ቫሌንሲያ፣ ማርች 20 ቀን