ከምድጃው አፍ ፊት

ጥቅምት 4
ዛሬም ከምድጃው አፍ ፊት ቆሜ ዋልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ዳቦ ስጋግር ጭኔ እንደቀላ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሦስተኛዋ ሐኪምም “አንቺ ጤነኛ ነሽ፤ ባልሽ ይምጣ” ብላታለች። እኔ? ምን ሆኜ?... ተኮሳትሬ ተኛሁ።

ጥቅምት 9
እማዬ ደወለች። “አሁንም አላረገዘችም? አራት ዓመት ሙሉ! ያቺ ልጅ ሌላ ሐኪም ትሞክር እንጂ።” ዝም አልኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር... ሰምታለች። እንባዋን በሽንኩርቱ አሳበበች። እንዴት ዝም እላለሁ? ነገ እሄዳለሁ። በቃ።

ጥቅምት 10
የላብራቶሪዋ ልጅ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። የዘር ፈሳሽ ናሙናውን ቤት አዘጋጅቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዳመጣ ነገረችኝ። “እንዳይቀዘቅዝ ብቻ” አለች። ለእኔ ነው የምትነግረው?

ጥቅምት 13
ጉድ ሠራሁ! በመንገዴ ዳቦ ቤት ጎራ ብዬ፣ ብልቃጡን ከምድጃ በወጡ ሁለት ዳቦዎች መሃል አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ልጅቷ ፈታ አየችው። “ጋሼ፣ ቀቅለውት መጡ እኮ! የደረት ኪስ ይበቃ ነበር።” ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ተባልኩ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ለባለቤቴ ስነግራት ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ...

ጥቅምት 18
ውጤት መጣ። ቁጥሩ ዝቅተኛ፣ እንቅስቃሴው ደካማ። ሥራዬንና ማጨሴን ስናገር ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ሙቀቱ ሊጎዳው ይችላል። ሲጋራውም፣ ጠባብ ሱሪውም። አዲስ ዘር ለማፍራት ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ቃል አልገባልህም፤ ግን እንሞክር።” ከምድጃው ልራቅ? የምኮራበት እኮ እሱ ነው።

ጥቅምት 19
አለቃዬን ወደ ሊጥ ክፍል ያዛውሩኝ አልኳቸው። “ምን ነካህ? ምድጃውን እንዳንተ ማን ያውቀዋል?” አሉኝ። “የጤና ጉዳይ ነው” አልኩ። የቀሩኝን ሲጋራዎች ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው።

ኅዳር 2
ማጨስ አማረኝ። አላጨስኩም።

ኅዳር 20
ምድጃውን የተረከበኝ ባልደረባዬ ጢሞ “እሜቴ አቡኪ” እያለ ያሾፍብኛል። ይበል! በእግሬ ነው ወደ ቤት የምመለሰው፤ አርባ ደቂቃ። ጠባቡን ሱሪዬን ባለቤቴ የወለል መወልወያ አድርጋዋለች። ሳታስፈቅድ!

ታኅሣሥ 7
አንድ አጨስኩ። አፈርኩ። ለባለቤቴ ነገርኳት። “ነገ እንደገና ትጀምራለህ” አለችኝ።

ጥር 23
ናሙናውን በደረት ኪሴ ይዤ ሄድኩ። “ዛሬ ዳቦ የለም?” አለች ልጅቷ።

ጥር 25
ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል! ገና የሚፈለገው ላይ አልደረሰም። “ቀጥልበት” አለ ሐኪሙ። እቀጥላለሁ።

ባለቤቴ ወጥ ልትሠራ ስትነሳ እማዬ ደወለች። “ያቺ ልጅ አሁንም...” አላስጨረስኳትም።
“እማዬ፣ እሷ ጤነኛ ናት። ችግሩ ከእኔ ነው። የምታከመውም እኔ ነኝ።”

“ስልኩን ስጣት እስቲ” አለች። “ይቅርታ ልበላት።”
ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ሽንኩርቱን እኔ ከተፍኩት።