የመስታወቱ ቤት እናት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ ሳል ለቀቀሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ ያ ሲያሰቃየኝ የነበረ ጥርስም ተነቅሎልኝ ተገላግያለሁ።

«መጽሔት ቤት ምንድን ነው የምትሠሪው?» ትይኝ የለ? ፎቶ ከመነሳቱ በፊት የሰዎችን ቤት አሰናዳለሁ። ጫማውን፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ፣ የተሰጣውን ልብስ እደብቃለሁ። አልጋዬን አላነጥፍ ብዬ ስንቴ ተቆጥተሽኛል! አሁን የሰው አልጋ አንጥፌ ደመወዝ እበላለሁ።

ባለፈው ወር አንድ አርክቴክት ለራሱ የሠራውን ቤት ፎቶ ልናነሳ ሄድን። ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ግድግዳው ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ከመስታወቱ ሥር እናቱ ጨርቁ በነተበ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፎቶ አንሺያችን ገና ሲገባ፣ «ይሄ ወንበር ያበላሽብኛል፤ ይውጣልኝ» አለ። ልጃቸውም አንገቱን እያከከ፣ «እማማ፣ ለትንሽ ጊዜ ጓዳ ተቀመጪ» አላቸው። ሥራዬ ነውና ብርድ ልብሱን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔም ከዕቃው ጋር ነኝ እንዴ?» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

እማዬ፣ ብርድ ልብሱን መልሼ ጉልበታቸው ላይ አደረግሁና፣ «እሳቸውም አብረው ፎቶ ይነሱ፤ ቤታቸው ነው» አልኩ። ፎቶ አንሺው፣ «አንቺን ደግሞ ማን ሾመሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። በገዛ እንጀራዬ ላይ እንደተነሳሁ ገባኝ፤ ምን ላድርግ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይኼኔ ልጅየው ሄዶ እናቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እሳቸውም ያንን ሸበቶ ፀጉሩን እንደ ሕፃን ይዳብሱት ጀመር። ፎቶ አንሺው እያጉረመረመ አነሳቸው።

አለቃዬ፣ «የቤተሰብ ፎቶ ቤት አደረጋችሁት!» ብላ ተቆጣች፤ ምስሉም መጽሔቱ ላይ አልወጣም። ብቻ ከሥራ አላባረረችኝም። ልጅየው ግን ቢሮ ድረስ መጥቶ ፎቶውን ለምኖ ወሰደ። ትናንት ደውሎ እንደነገረኝ፣ በዚያ ባዶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ያ ፎቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድሜ እኔ በላክሁት መጽሔት ልቡ ተሰርቆ ሳሎኑን ሊያሰፋ፣ አንቺንም ወደ ጓሮው ክፍል ሊያዛውር ነው ሲሉ ሰማሁ። አንቺም «ለልጆቹ ይመቻቸው» ብለሽ እሺ ብለሻል አሉ። እንዳታደርጊው! ቀለሙን ይቀባ፣ መስኮቱን ያስፋ፤ አንቺ ወጪ ወራጁን እያየሽ፣ ሁሉን እየመከርሽ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ። ለሱም ጽፌለታለሁ፤ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

እሱን ተቆጪልኝና ሳሚልኝ። ለሚስቱ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ መንትዮቹን አገላብጠሽ ሳሚያቸው። መልሱን የምትጽፍልሽን ታናሽ እህቴን «እንዳታሳምሪው» በያት፤ የናፈቀኝ ያንቺ አነጋገር ነው።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ መጋቢት ፲፩ ቀን