የጅቡን ተረት ያነበብሁበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፤ ወረታ

ዛሬ ለአንደኛ ክፍል የጅብና የአህያን ተረት ጮክ ብዬ አነበብሁ። ልጆቹ የአህያዋን ቃል አብረውኝ ሲጮኹ፣ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በጅቡ ድምፅ ሳነብ ግን አበበ፣ «የጥሩዬ እናት መጣች!» አለ። ጥሩዬ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት። ሸክላ ሠሪ ጅብ ይሆናል መባሉን እያወቅሁ ያን ተረት መምረጤ የራሴ ስሕተት ነው።

ከቀትር በኋላ አበበ ሆዱን ታመመ። አባቱ ከቁሐር ሚካኤል መጥተው፣ «መምህር፣ ያቺ የሸክላ ሠሪ ልጅ ልጄን በልታብኛለች። ነገ እንትፍ ትበልበት፤ እርስዎ ይዘዟት» አሉኝ።

«ሕፃን ናት» አልሁ።

«ከእናቷ ጡት ጠብታዋለች።»

ብትተፋ ቡዳነቷን አመነች ይባላል። ባትተፋና ልጁ ቢብስበት፣ በእናትና በልጅ ላይ የሚመጣውን ለመጻፍ አልደፍርም።

ጥሩዬ ይህን ሳትሰማ፣ «ጋሼ፣ ነገስ ምን ያነቡልናል?» ብላኝ ሄዳለች።