ሰልፉን ያስቆመችው ፊደል

ለተከበሩ የሰፈራችን የሰላም፣ በእርስዎ አጻጻፍ ደግሞ የሠላም፣ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ባለፈው እሑድ በሰላም ሰልፉ ላይ ያን ያህል ስለደከመው ጉሮሮዎ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ድምፅዎ ተመልሶልዎት ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ሰልፉ የተመራበትን የመፈክር ጨርቅ የሰፋሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። «ሰልፉን አሰናክለሻል» ሲሉ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ ስቄያለሁ። እንግዲህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና በፊትዎ ላቅርብ።

፩ኛ፦ «የተኳረፈ ሁሉ ጎን ለጎን ይሰለፍ» የሚል መመሪያ አውጥተው፣ እኔ ዘንድ በቀረችው የእናታችን የስፌት መኪና ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንሽን ላፈር ከተባባልን ታላቅ እህቴ ጋር የጨርቁን ግራና ቀኝ ዘንግ አስያዙን። ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ እሷ ስትፈጥን እኔ እየተጎተትኩ፣ እኔ ስፈጥን እሷ እየተጎተተች ሃምሳ እርምጃ ያህል ተጓዝን።

፪ኛ፦ እዚያ ላይ ምክትልዎ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ዞር ብለው ጨርቁን አነበቡና «ሰላም» በእሳቱ ሰ እንጂ በንጉሡ ሠ አይጻፍም አሉ። እርስዎም በንጉሡ ካልተጻፈ ክብር የለውም ብለው ሰልፉን አስቆሙ። አሁን ስሕተቱ የእኔ ሆኗል፤ ደግነቱ በእጅዎ ጽፈው የሰጡኝ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ በንጉሡ።

፫ኛ፦ የጋራዡ ሠራተኞች ከንጉሡ፣ ነርሶቹ ከእሳቱ ወገን ቆሙ፤ ዳቦ ጋጋሪው ነገሩ ስላልገባው ለሁለቱም አጨበጨበ። ሁለቱም ወገን «ሰላም! ሰላም!» እያለ ሲጮህ፣ በአፍ ሲጠራ አንድ ነውና፣ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ የሚለየው የማንን ኮሌታ እንደያዘ በማየት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰልፍ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

፬ኛ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን እኔና እህቴ ጨርቁ እንዳይወድቅ ዘንጉን ይዘን አንድ ሰዓት ያህል ተገትረናል። በመጨረሻ ፊቷን ሳታዞር፣ «አንቺ፣ እጅሽ አልዛለም እንዴ?» አለችኝ። ዝሏል አልኳት። የጨርቁን ጠርዝ እያየች፣ «በእማዬ መኪና ነው የሰፋሽው? አሁንም ክር ትበጥሳለች?» አለችኝ። ትበጥሳለች ልላት ስል እርስዎ ባትሪው ባለቀ የድምፅ ማጉያ «ተረጋጉ!» እያሉ ያለ ድምፅ ሲጮኹ አየንዎና ሳቃችን አመለጠን። ሆዳችንን ይዘን እንዳንስቅ እጃችን ዘንግ ይዟል! እንባችን በጉንጫችን እየወረደ፣ ሁለት ዓመት የናፈቀኝን የእህቴን ሳቅ ሰማሁ። በጣም ነበር የናፈቀኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ የእማዬን መኪና እየረገጠች ነው፤ መኪናዋ ክር በበጠሰች ቁጥር እህቴ እኔን ትሳደባለች።

በማስጠንቀቂያዎ እጅግ የተጠነቀቅሁ፣ ሰልፍዎ ሳይሳካ የተሳካልኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ አክባሪዎ፣

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ሰልፉ ሊደገም ነው ሲባል ሰምተናል። እርስዎና መምህሩ ከእሑድ ወዲህ ሰላምታ እንዳቋረጣችሁ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ በመመሪያዎ መሠረት ዘንጎቹ የእናንተ ናቸው፤ ስለ ፊደሉ መጣላቱን፣ ልምዱ አለንና፣ ለእኔና ለእህቴ ተዉልን።