ከኤምባሲው የተመለሱ ሁለት ጉርድ ፎቶዎች

ይድረስ ለምወድህ ለባለቤቴ ለታደሰ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እንዴት ሰንብተሃል ብዬ እንዳልጀምር መልስህን የሚያመጣልኝ የለም፤ እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ደግሞ አንተ ውሸቴን ከፊቴ ላይ የምታነብ ሰው ነበርክ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ይህን የምጽፍልህ ባዶ ሳሎናችን ውስጥ፣ የታሰረ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። ወንበሮቹ ትናንት በአይሱዙ ተጭነው ለቡ፣ እህቴ አልማዝ ቤት ሄደዋል። አልጋውም፣ ቁም ሣጥኑም፣ ያ አንድ ቀን እንኳ ሳይነቃነቅ ቆሞ የማያውቀው ጠረጴዛህም ሄዷል። እግሩ ሥር ትወትፋት የነበረችው የታጠፈች ወረቀት ግን ወለሉ ላይ ቀርታለች። ቤቱን ስጠርግ ዙሪያዋን ጠረግኩ እንጂ እሷን አላነሣኋትም።

ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ቪዛው ወጣ ታዴ። የወጣው ግን ለሁለት ሰው ነው፤ ለእኔና ለሜሮን። ሰናይትን ትቻት ነው የምሄደው። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ድምፅህ ሲደክም እጄን ይዘህ፣ “ልጆቹን እንዳትለያዪያቸው” ብለኸኝ ነበር። እኔም በአቦ ስም ምዬልህ ነበር። ቃሌን አጠፍኩ። ይህን ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የትምህርት ዕድሉ ደብዳቤ የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ነርሶች ሳስተምር ውዬ፣ ደክሞኝ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነበር ያነበብኩልህ። ሁለት ዓመት ብቻዬን ተምሬ ልመለስ ስልህ ተቆጣህ። “ወይ አራታችን እንሄዳለን፣ ወይ ማንም አይሄድም” አልክ። በማግስቱ ከፋብሪካው ግምጃ ቤት ስትወጣ በቀጥታ ኤምባሲ ሄደህ ፎርሙን ይዘህ መጣህ። ፎርም መሙላት የሚወድ ሰው በዕድሜዬ አንተን ብቻ ነው ያየሁት። እጅህን በሳሙና ታጥበህ፣ ላብህ ወረቀቱን እንዳይነካው ከክንድህ በታች ንጹሕ ወረቀት አንጥፈህ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝተህ ጻፍክ። የልጆች ስም በሚለው ቦታ ላይ አንደኛ ሰናይት ግርማ፣ ሁለተኛ ሜሮን ታደሰ አልክ። እኔም አጠገብህ ቆሜ አየሁት። ለአንተም ለእኔም ምንም አልታየንም። መካኒሳ አቦ ሁለት ልጆች እንዳሉን የማያውቅ ማን አለ? ማንስ ጠይቆን ያውቃል?

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጉርድ ፎቶ ልንነሣ አራታችንም ሄድን። ፎቶ ቤቱ ለደንበኛ የሚያውሰውን ያንን ጥቁር ኮት ለበስክ። እጅጌው ክርንህ አጠገብ ሲቀር ሜሮን ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ ተቆጣት። ሰናይት ግን አንገትህን አስተካክላ፣ የሸሚዝህን ኮሌታ ገልብጣ፣ “አባዬ፣ አሁን ሚኒስትር መስለሃል” አለችህ። ፎቶው ላይ ትከሻህ ብቻ ስለሚታይ እውነትም ሚኒስትር መስለህ ወጣህ። ያ ቅዳሜ የመጨረሻው ደህና ቅዳሜያችን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ቶሎ ወደ ቤት እንሂድ አልልም ነበር።

አንተ ካረፍክ በኋላ ፎርሙን አልቀየርኩትም። ሌላ ልሙላ ብዬ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍህን መተው አቃተኝ። በስምህ አጠገብ ብቻ በሕይወት የለም ብዬ ጻፍኩ። እነዚያን ሁለት ቃላት ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ለቃለ መጠይቅ ስጠራ አንድ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ትሑት ሰው ተቀበለኝ። ፎርሙን አገላብጦ አየና፣ “ሰናይት ግርማ ከመጀመሪያ ባለቤትዎ የተወለደች ናት?” አለኝ። አስበው እስቲ፣ ወንድምህን ባሌ አደረገው! አንተ ብትኖር እስከ ሳር ቤት ድረስ ስትስቅብኝ ትመጣ ነበር። እኔም ሳቅ አለኝ፤ ከሳቁ ግን እንባው ቀደመ። አዎ ብል ምናልባት ሌላ ወረቀት ይጠይቀኝ ነበር እንጂ ውሸቴን በዓይኑ አይለይም ነበር። አልቻልኩም። አንተ ሁሉንም ታውቃለህ፤ እሱ ግን አያውቅምና አንድ በአንድ ነገርኩት። ወንድምህ ግርማ ወታደር እንደነበረ፣ ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት የሦስት ሳምንት ሕፃን በጋቢ ጠቅልሎ አምጥቶ እጄ ላይ እንዳስቀመጠ፣ አደራ ብሎን ወደ ሰሜን እንደተመለሰ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንኳ እንዳልተሰማ ነገርኩት። “ታዲያ እርስዎ አልወለዷትም” አለኝ። አሳደግኳት አልኩት። አሁንም ቀስ ብሎ፣ እያፈረ፣ ያንኑ ጠየቀኝ። አልወለድኳትም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። በስሟ ትይዩ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመረና፣ ወይ የአባትየው ፈቃድ፣ ወይ የሞቱ ማስረጃ፣ ወይ የፍርድ ቤት ወረቀት እንዳመጣ ነገረኝ።

ከየት አባቴ ላምጣ ታዴ? አንተ እኮ ለግርማ ለቅሶ እንኳ አስቀምጠኸን አታውቅም። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩ እየተንጠባጠበ ሲመጣ፣ ፎቶውን ይዘህ ሳምንት ሙሉ መንገድ ዳር ቆመህ ያለፈውን ሁሉ ጠየቅህ። ዘመድ ተሰብስቦ እርማችንን እናውጣ ሲልህ፣ “ሲሞት ያየው ሰው ይምጣና እናወጣለን” ብለህ በተንካቸው። ሰናይትን አንደኛ ክፍል ልናስመዘግብ የሄድን ዕለትም እኔ ለዳይሬክተሩ ታደሰ ብለው ይጻፏት ብዬ ሳንሾካሹክ፣ አንተ ከኋላዬ ጮክ ብለህ ግርማ አልክ። እስከ ቤት ድረስ ተጣላን። ሲመጣ ልጁን በምን ስም ይፈልጋት አልከኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩህ፤ ልክ መሆንህን ግን ያኔም አውቀው ነበር።

ከኤምባሲው ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ጋ ነው። ጉዳዩን ሰምተው ሳቁብኝ። “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነው ያስጨነቀሽ? ሦስት ሆነን ቀበሌ ቀርበን የታደሰ ልጅ ናት ብለን እንመሰክራለን። ደሞ ውሸት ነው እንዴ? የአባት ስሙን ሲሞላ ተሳስቶ ነው እንላለን፤ እሱን አሁን ማን ይጠይቀዋል?” አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው፣ አትቀየማቸው። በሥራ ዘመንህ አንድ መስመር ሰርዘህ የማታውቀውን አንተን ተሳሳተ ልልህ ነው። እሺ አልኳቸው ታዴ። ይህንንም እወቀው፣ እሺ ብዬ የምስክርነቱን ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁ።

ሰናይት በረንዳው ላይ ሜሮንን ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ጸጉሯን ትሠራት ነበር። ስምሽን ሰናይት ታደሰ ብናደርገውስ አልኳት፣ እንደ ዋዛ። ፊቷ በራ። ደብተሯ ጀርባ ላይ አንዳንዴ እንደዚያ ብላ እንደምትጽፍ፣ እንዳንቆጣት ብላ መልሳ እንደምትፍቀው ነገረችኝ። ከዚያ እጇ ጸጉሩ ላይ ቆመ። “ግን እማዬ፣ አባቴ ግርማ ሲመጣ ማን ብሎ ይጠይቃል?” አለችኝ። ቃል በቃል ያንተን! መቼ እንዳስተማርካት አላውቅም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ በማግስቱ ለጋሽ ወልዴ መለስኩላቸው።

ያን ቀን ተናደድኩብህ። አልደብቅህም፣ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሰደብኩህ። ያኔ ዳይሬክተሩ ፊት ስምህን ብትሰጣት ምን ነበረበት? ዛሬ ሦስታችንም አንድ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን እየተሳሳቅን ነበር። ላልመጣ ሰው ስትል ያለችውን ልጅ በር አዘጋህባት አልኩህ። ሲወጣልኝ ደግሞ፣ የወንድሙን ልጅ በወንድሙ ስም የማይጠራ ታደሰን አላገባም ነበር ብዬ አለቀስኩ።

ፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። ማመልከቻው ላይ ግርማ ጠፍቷል ነው የሚለው፤ ሞቷል የሚል ቃል እንዳይገባ ጸሐፊውን ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ግን ቀጠሮው ከበዓል በኋላ፣ ከዚያም ሌላ ቀጠሮ እያለ እየራቀ ነው፣ ትምህርቱ ደግሞ አይጠብቀኝም። ለዘንድሮ ካልደረስኩ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል ተባልኩ። ልቅር ብዬ ነበር። አልማዝ ተቆጣችኝ፣ ውክልናውን ወስዳ ጉዳዩን እሷ ልትከታተል ቃል ገባች፣ ሰናይትም እሷ ጋ ትቆያለች። እውነቱን ልንገርህ አይደል? መሄድም እፈልጋለሁ ታዴ። አንተ የሌለህበት ቤት ውስጥ እየነጋ እየመሸ ስምንት ወር ቻልኩት፣ ከዚህ በላይ የምችል አይመስለኝም። ልጄን ትቼ ለመሄድ የሚፈልግ ልብ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ አወቅኩት።

ለሰናይት እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ማክሰኞ ከሥራ ገባሁ። ሁለቱ ልጆች የሚጋሩት ሻንጣ ተከፍቶ አልጋ ላይ ነበር። የሷ ልብሶች ወጥተው፣ አንድ በአንድ ታጥፈው፣ በፌስታል ተደርገዋል። ኤምባሲው የላከውን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር ለካ፤ ከእንግሊዝኛው የገባት ሁለቱ ስሞች ብቻ ናቸው፣ እነሱ በቋት። አላለቀሰችም። “እማዬ፣ የሜሮን ወፍራሙ ሹራብ አልገባ ብሎ ነበር እኮ፤ አሁን ገባ” አለችኝ። እኔ ነኝ መሬት ላይ የተቀመጥኩት፤ እሷ ናት ውሃ ያመጣችልኝ።

ሜሮን ገና አልገባትም። ሰናይት በሚቀጥለው አውሮፕላን የምትመጣ ይመስላታል። እኔም እንደዚያው እያልኩ ነው፤ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ብቻ አልተናገርኩም።

ከደብዳቤው ጋር በትንሽ ፖስታ ሁለት ጉርድ ፎቶ ተመልሶልናል። የማይፈለጉት መሆናቸው ነው። አንዱ ያንተ፣ ሚኒስትር የመሰልክበት፤ አንዱ የሰናይት፣ ዓይኗን እንዳትጨፍን ብላ አፍጥጣ የተነሣችው። ፖስታውን እንዳለ የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አድርጌ ልይዘው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሰናይት ስጪኝ ብላ ወሰደችው፤ ፎቶዎቹን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ያንተን ደብተሯ ውስጥ አስገባች፣ የራሷን ለእኔ ዘረጋችልኝ። “አባዬ ከኔ ጋር ይቅር፤ እኔ ደሞ ካንቺ ጋር ልሂድ” አለችኝ።

አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?

ከሰዓት በኋላ ወደ ለቡ ስወስዳት አቦ ወርደን አንተ ጋ እንቆማለን። ይህን ደብዳቤም እዚያው ድንጋይህ ሥር አደርገዋለሁ፤ ዝናቡ ቢያጠፋውም አንተ አንብበኸዋል ማለት ነው። ሰናይት እሑድ እሑድ ከአልማዝ ጋር እየመጣች ልታይህ ቃል ገብታለች፣ ቃል በመጠበቅ ደግሞ እሷ አንተን ነው የመሰለችው። እኔ ቃሌን አንድ ጊዜ አጥፌብሃለሁና እመነኝ ለማለት አፍ የለኝም። ይህችን ብቻ ስማኝ። በሰው አገር ፎርም አይጠፋም አሉ፤ ለቤቱም፣ ለትምህርት ቤቱም፣ ለሐኪሙም ፎርም ነው። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ከክንዴ ሥር ንጹሕ ወረቀት አንጥፌ፣ አንተ እንደምትሞላው አድርጌ እሞላዋለሁ። የልጆች ብዛት በሚለው ቦታ ላይ ሁሌም ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ስማቸውን ሲጠይቁኝም አንደኛ ሰናይት ግርማ እላለሁ፤ የሚሰርዘው ካለ እሱ ይሰርዘው።

ያንተው ብርሃኔ